ማኅበሩና የቡናው ዋጋ፦ የካፋ ገበሬ የኅብረት ሥራ ታሪክ

በካፋ ዞን፣ በቦንጋ ከተማና እንደ ጊምቦ፣ ዴቻ፣ ገዋታ፣ ጨናና አዲዮ ባሉ ወረዳዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት የገበሬውን ገቢ ያሳድጋል ወይስ አያሳድግም የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመረመረው የአባሉንና የአባል ያልሆነውን ገበሬ የአንድ ዓመት ሽያጭ ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። ይህ ዓይነቱ ንጽጽር አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም የካፋ ገበሬ ወደ ማኅበር የመጣው ባዶ እጁን ሳይሆን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየ ልምድ ይዞ ነው፤ በዚያ ልምድም ምርቱን የሚሰበስብለት አካል ሁልጊዜ ዋጋውን የሚወስንለት አካል ሆኖ ኖሯል። ማኅበር በገቢ ላይ ያለውን ኃይል ለመረዳት ቡናው ከዛፉ ተለቅሞ ገበያ እስኪደርስ ድረስ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ በመከር ወቅትም ጥሬ ገንዘቡ በማን ዘንድ እንደሚገኝ በየዘመኑ መከተል ያስፈልጋል።

እስከ እ.ኤ.አ. 1897 ድረስ ካፋ ታቶ በሚባል ንጉሥ የሚመራና ሚክሬቾ የተባለ የአማካሪዎች ጉባኤ የነበረው፣ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። የመንግሥቱ ማዕከላት ከነበሩት ከቦንጋና ከአንዲራቻ ወደ ጅማና ከዚያም ወደ ሰሜን በሚዘልቀው የነጋዴ መንገድ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማር፣ ኮረሪማና ቡና ይጓዝ ነበር፤ የሰው ልጅም በባርነት በዚሁ መንገድ ይሸጥ እንደነበር ታሪኩ አይሰውረውም። በገበሬው ዘንድ ግን የጋራ ሥራ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰፊ ተቀባይነት ያላቸው ደቦና ዳዶ የዚህ ምስክሮች ናቸው፤ ደቦ ባለ እርሻው ምግብና መጠጥ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ለአንድ ቀን ሥራ የሚጠራበት ሲሆን፣ ዳዶ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ተቧድነው በየተራ አንዱ በሌላው ማሳ ላይ የሚሠሩበትና ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ነው። ደኑን በተመለከተም ኮቦ የተባለው ልማድ ለአንድ ቤተሰብ ወይም ጎሳ በታወቀ የደን ክልል ውስጥ ቀፎ የመስቀልና ሌላውንም የደን ውጤት የመሰብሰብ መብት ይሰጥ ነበር። በእነዚህ ልማዶች ሁሉ ጉልበቱ በጋራ ሲውል፣ ደኑም በጋራ ደንብ ሲጠበቅ፣ ምርቱን ወደ ገበያ የሚያወጣው ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው ነበር። በጋራ መሸጥ የሚባለው ነገር ከካፋ ገበሬ የኑሮ ልማድ ውስጥ የበቀለ ሳይሆን በኋላ ከመንግሥት የመጣ መሆኑ ለቀሪው ታሪክ ከፍተኛ ትርጉም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የአፄ ምኒልክ ጦር ለወራት ከተካሄደ ከባድ ጦርነት በኋላ የመጨረሻውን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ፤ ንጉሡም ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይመለሱ እ.ኤ.አ. በ1919 በግዞት አረፉ። ጦርነቱና ከእርሱ በኋላ የቀጠለው የባሪያ ፍንገላ የአገሩን ሕዝብ ክፉኛ አመናመነው፤ ይታረስ የነበረው መሬት ብዙው ተመልሶ ደን ሆነ። የተረፈው ገበሬ ገባር ሆነ፤ ማለትም በአካባቢው ለሠፈሩ ወታደሮችና ሹማምንት ግብርና ጉልበት የሚያቀርብ፣ በመሬቱ ላይ ያለው መብትም በሌሎች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሆነ። ከኢጣልያ ወረራ ማክተም በኋላ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቡና የዓለም ዋጋ ሲያድግ የቡና መሬት ተፈላጊነት ጨመረ፤ ነገር ግን ዕድገቱ ቀድሞ የደረሰው የመሬት ባለቤትነት ለነበራቸውና ለነጋዴዎች ነበር። ጢሰኛው የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለ መሬቱ ካስረከበ በኋላ የቀረችውንም ቢሆን ብዙ ጊዜ በክረምት ለተበደረው እህል ወይም ጨው ወይም ልብስ ዕዳ መክፈያ ያደርጋት ነበር።

ስለዚህ የብሔራዊ ቡና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ እርሻ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድንጋጌ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ሲወጣ፣ እነዚህ ሕጎች ለካፋ ጢሰኛ ያመጡለት ለውጥ እጅግ አነስተኛ ነበር። ማኅበር ዕጣ ለመግዛት ትርፍ ገንዘብ ያለውን፣ ምርቱንም እንዳሻው የሚያዝበትን ሰው ይሻል፤ ጢሰኛው ደግሞ ሁለቱም አልነበሩትም። የመሬት ጥያቄ ሳይፈታ የገበያ ጥያቄ ሊፈታ አይችልም ነበርና የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማኅበራት ከመሠረታቸው የደከሙ ሆነው ቀሩ።

የመሬት ጥያቄው የተፈታው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲሆን፣ አዋጁ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጢሰኝነትን አስቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ለካፋ ገበሬ ይህ በእርግጥ ነጻነት ነበር፤ የዚያን ቀን ትርጉም በኋላ በተፈጸመው ነገር ማሳነስ ትክክል አይሆንም። ገበሬው በገበሬ ማኅበር ተደራጀ፤ በዚህም ላይ ሁለት ዓይነት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተገነቡ። አንደኛው ጨው፣ ሳሙና፣ ጨርቅና የመሳሰለውን የሚያከፋፍለውና ምርት የሚሰበስበው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ ሁለተኛው መሬትንና በሬን ጭምር በጋራ ለማድረግ የታቀደው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር፤ ይህኛውም መልባ፣ ወልባና ወላንድ የተባሉ የዕድገት ደረጃዎች ተቀምጠውለት ነበር።

በቡና አገር ወሳኝ የነበረው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። የአገልግሎት ማኅበሩ ከአባሉ የሰበሰበው ቡና ወደ መንግሥቱ የቡና ገበያ ድርጅት ይሄዳል፤ የመሸጫው ዋጋም በገበሬውና በገዢው ድርድር ሳይሆን በመንግሥት ትመና ይወሰናል። በዚያ ላይ የብር ምንዛሪ በአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 ብር ላይ ተቸንክሮ ለረጅም ዓመታት በመቆየቱ፣ የውጭ ሽያጩ ላይ የሚጣለው ቀረጥም ከባድ በመሆኑ፣ የዓለም ዋጋ ሲያድግ እንኳ ዕድገቱ ወደ ገበሬው ቤት ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይቀር ነበር። ማኅበሩ የገበሬው ቢባልም ተግባሩ የመንግሥትን የግዢ ድርሻ መሙላት ነበር፤ ሊቀመንበሩም የሚጠየቀው አባላቱ ስላገኙት ዋጋ ሳይሆን ስለተሰበሰበው ኩንታል ነበር። ገበሬው ለዚህ የሰጠው መልስ አዋጅ አላስፈለገውም፤ ቡናውን በስውር ለነጋዴ ሸጠ፣ ወይም ያረጀውን ዛፍ ሳይጎነድልና ሳይተካ ተወው፣ ጉልበቱንም ወደ በቆሎና ወደ እንሰት አዞረ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ የፈረሱት ማንም ሳያፈርሳቸው በአባላቱ እጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጣው የመንግሥት ለውጥ ወቅትም በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘን ተዘረፈ። አባላቱ ንብረቱን እንደ ራሳቸው ቢቆጥሩት ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 85 እና በተለይም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራትን በአዲስ መሠረት ላይ ለማቆም ሞከሩ። አባልነት በፈቃደኝነት ሆነ፤ እያንዳንዱ አባል የያዘው ዕጣ ምንም ያህል ቢሆን አንድ ድምፅ ብቻ እንዲኖረው ተደነገገ፤ መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን የተባለውን ከፍተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ተፈቀደ። ሕጉ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ግን አንድ ክፉ አጋጣሚ ነው። የዓለም ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ ዋጋው መረጋጋት አቅቶት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ግራም የማይሞላ ቡና፣ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በዚህ ቀውስ ወቅት በኦሮሚያ፣ በሲዳማና በይርጋጨፌ የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች ተመሠረቱ፤ በቦንጋም የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቋመ።

የካፋው ዩኒየን ከሌሎቹ የሚለየው በስሙ ውስጥ ባለው ደን ነው። የኢትዮጵያ ቡና ብዙውን ጊዜ በአራት የአመራረት ዓይነት ይከፈላል፤ እነርሱም በተፈጥሮ ደን ውስጥ ራሱ በቅሎ የሚለቀመው የደን ቡና፣ ሰው ጥላውን አሳስቶ የሚንከባከበው ከፊል የደን ቡና፣ የጓሮ ቡናና የሰፋፊ እርሻ ቡና ናቸው። የደን ቡና ከአንድ ሄክታር የሚገኝበት ምርት ከሁሉም ያነሰ ነው። በዚህም ላይ የካፋ ቡና ለብዙ ዘመን ወደ ውጭ የሚሄደው በጅማ ስም ተጠቃሎ ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. የቡና ስሞቿን በንግድ ምልክትነት ስታስመዘግብ የተመረጡትም ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር ነበሩ። የአረቢካ ቡና መገኛ የሆነው ምድር በገዛ ስሙ መሸጥ የጀመረው እንግዲህ በዋናነት በማኅበራቱ በኩል ነው። ኦሪጅናል ፉድ የተባለው የጀርመን ኩባንያ፣ የዝናብ ደን ጥበቃ ላይ ከሚሠራው የጌኦ መጽሔት ድርጅት ጋር ተባብሮ፣ ቡናውን የካፋ የዱር ቡና ብሎ ለአውሮፓ ጠጪ አቀረበ፤ የኦርጋኒክና የፌርትሬድ፣ ማለትም የፍትሐዊ ንግድ፣ ማረጋገጫም ተገኘ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምርና አዋጅ ቁጥር 602/2000 ነጋዴው ቡናውን በዚያው በኩል እንዲያሳልፍ ሲያስገድድ፣ ዩኒየኖች በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ እንዲቀጥሉ መፈቀዱ ለካፋ ታላቅ ዕድል ነበር፤ ቡናው ከየትኛው ደን እንደመጣ ሊመሰክር የሚችለው ይህ መንገድ ብቻ ነበርና።

ከዚህ ሁሉ ለገበሬው የሚደርሰው ምን ያህል ነው? መልሱ በሦስት የተለያዩ ገንዘቦች መካከል መለየትን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ሲያስረክብ ወዲያው የሚከፈለው ዋጋ ነው። ሁለተኛው በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ የሚከፋፈለው ነው። እስከ 2009 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት ማንኛውም ማኅበር ከተጣራ ትርፉ 30 በመቶውን ለመጠባበቂያ መያዝ ነበረበት፤ መጠባበቂያው ከካፒታሉ 30 በመቶ እስኪሞላ ድረስም ይህ ይቀጥል ነበር። በዚህ ስሌት ዩኒየኑ 30 በመቶ አስቀርቶ ቀሪውን ለመሠረታዊ ማኅበራት ሲያከፋፍል፣ መሠረታዊ ማኅበሩም እንዲሁ 30 በመቶ ሲያስቀር፣ ዩኒየኑ ካተረፈው 100 ብር ውስጥ አባላቱ ዘንድ የሚደርሰው ቢበዛ 49 ብር ነው፤ ይህም ሌላ ወጪ ሳይነሳለት ነው። ሦስተኛው የፌርትሬድ ማኅበራዊ ክፍያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአንድ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ተደርጎ ተወስኗል። 600 ኪሎ ግራም እሸት የሚለቅም ቤተሰብ፣ ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል ንጹህ ቡና ስለሚወጣው፣ 100 ኪሎ ግራም ወይም 220 ፓውንድ ያህል ንጹህ ቡና ይኖረዋል፤ ቡናው ሁሉ በፌርትሬድ ዋጋ ቢሸጥ እንኳ የሚገኘው ማኅበራዊ ክፍያ 44 ዶላር ነው። እርሱም በአባላቱ ጉባኤ ውሳኔ በአብዛኛው ለጋራ ልማት የሚውል እንጂ በቀጥታ ወደ ቤተሰቡ ኪስ የሚገባ አይደለም።

የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ ጥቅምም እንደ ዓመቱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለታጠበ አረቢካ በፓውንድ 1.40 ዶላር፣ ለደረቅ ቡና 1.35 ዶላር ሲወሰን፣ በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ገበያ ወደ 3 ዶላር ተጠግቶ ስለነበር ዋስትናው አላስፈለገም፤ ገበያው ወደ 1 ዶላር በወረደባቸው እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ግን ዝቅተኛው ዋጋ እውነተኛ ጋሻ ነበር። ማረጋገጫው ገቢን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ከመውደቅ መያዝ ይሆንለታል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የተደረጉት ጥናቶችም ከዚህ የሚርቅ ነገር አልተናገሩም። ታንጊ በርናር፣ አለማየሁ ሥዩም ታፈሰና እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የእህል ገበያ ጥናት የማኅበር አባላት ለተመሳሳይ ምርት የተሻለ ዋጋ እንደሚያገኙ፣ ለገበያ የሚያቀርቡት የምርት ድርሻ ግን በአማካይ እንዳልጨመረ አሳይተዋል፤ አነስተኛ ማሳ ያለው ገበሬ ዋጋው ሲሻለው ሽያጩን ወደ መቀነስ፣ ሰፊ ማሳ ያለው ደግሞ ወደ መጨመር ያዘነብላል። ባርት ሚንተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በቡና ላይ ባወጡት ጥናት ደግሞ በውጭ ገበያ ለተረጋገጠ ቡና ከሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ለአምራቹ የሚደርሰው ከአንድ ሦስተኛ በታች መሆኑን አመለከቱ። ከእነዚህ ቁጥሮች ተነስቶ ማኅበሩ ጥቅም የለውም ማለት ግን ስህተት ነው። የማኅበሩ ትልቁ ሥራ በአባሉ የክፍያ ደብተር ላይ የማይታየው ነው፤ ማኅበሩ በመከር ወቅት በአንድ ቀበሌ ዋጋ ለጥፎ ሚዛን ሲተክል፣ የግል ሰብሳቢው ገበሬውን ላለማጣት ዋጋውን ማስተካከል ይገደዳል፤ ሚዛኑንም ማጭበርበር ይከብደዋል። ከዚህ የሚጠቀመው አባል ያልሆነውም ጎረቤት ስለሆነ፣ አባልና አባል ያልሆነን የሚያወዳድር ጥናት ልዩነቱን አነስተኛ አድርጎ ቢያገኘው የሚያስገርም አይደለም።

ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አለመድረሱ ግን በግልጽ መነገር አለበት። በማኅበር የሚገኝ የዋጋ ልዩነት በኪሎ ስለሚባዛ፣ ብዙ ቡና የሚለቅመው ቤተሰብ ብዙ፣ ጥቂት የሚለቅመው ጥቂት ያገኛል፤ ቡና የመልቀም ዕድሉም በደን መብት ላይ የተመሠረተ ነው። በካፋ ለዘመናት ከማዕድ እስከ ጋብቻ የተገለሉት መንጆዎች የደኑን ኑሮ ከማንም በላይ ቢያውቁም በኮቦ ሥርዓትም ሆነ በመሬት ክፍፍሉ ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ጎረቤቱ አብሮት በማይበላው ሰው ዘንድ የአባልነት ክፍትነት በሕግ መጻፉ ብቻውን በር አይከፍትም። ይህ የካፋ ማኅበራት ያልከፈሉት ዕዳ ነው። የሴቶችም ጉዳይ ቅርብ ነው፤ ቡና በመልቀምና በማድረቅ ትልቁን ድርሻ የሚሠሩት እነርሱ ሆነው ሳለ ማኅበሩ የቤተሰቡን መሪ ስም በመመዝገቡ ክፍያው በአብዛኛው በባል እጅ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በፋርም አፍሪካ ድጋፍ በቦንጋ ደን የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ማለትም መንግሥትና የደኑ ተጠቃሚዎች በውል ደኑን በጋራ የሚጠብቁበትና ውጤቱን የሚጠቀሙበት አሠራር፣ ይህን አጥር በጥቂቱም ቢሆን ለመክፈት ሞክሯል፤ የካፋ ደን የንብ ውጤቶች ዩኒየን መመሥረትም ማርና ሰም ለሚያመርተው፣ ቡና ለሌለው ወይም ጥቂት ብቻ ላለው ቤተሰብ፣ ሌላ የገበያ በር ሆኗል። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ የደኑና የገቢው ጥያቄ ይበልጥ ተሳስሯል፤ ዋጋ ሲያድግ ገበሬው ብዙ ለመልቀም ጥላውን ሊያሳሳው ይችላልና፣ የደን ቡና ማኅበር ስኬት ራሱን ደኑን የመጉዳት አደጋ አለበት።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሁለት ነገሮች የማኅበራቱን ቦታ ለውጠዋል። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ሌሎች ገዢዎችም ቡናን ከገበሬው እስከ ውጭ ገዢ በቀጥታ ለማገናኘት የሚችሉበትን መንገድ ከፈተ፤ ዩኒየኖች በቀጥታ ሽያጭ የነበራቸው ልዩ መብትም ተጋሪ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰንና በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ደግሞ ለገበሬው የሚቀርበው የብር ዋጋ በእጥፍና ከዚያ በላይ የመጨመር ዕድል አገኘ። ይህ በመልካም የሚታይ ዜና ቢሆንም ማኅበሩን የሚፈትነው በዚሁ ነው። መሠረታዊ ማኅበሩ እሸት የሚገዛው በዩኒየኑ በኩል ከባንክ በሚመጣ ብድር ነው፤ ቀይ እሸት ግን ተለቅሞ ሰዓታት ብቻ ይጠብቃል እንጂ የብድር ፈቃድ እስኪወጣ አይቆይም። ለ100 ኩንታል የተሰላ ብድር ዋጋው እጥፍ ሲሆን 50 ኩንታል ብቻ ይገዛል፤ ገንዘቡ በጥቅምት መድረስ ሲገባው በኅዳር ከደረሰ ደግሞ ከሁሉ በፊት የበሰለው ቡና ለግል ሰብሳቢ ተሸጧል፤ በክረምት ከነጋዴ የተበደረ አባልማ ቡናው በዛፉ ላይ ሳለ ቃሉን ሰጥቷል። አባሉ ለማኅበሩ አላስረከበም ተብሎ የሚወቀሰው ብዙ ጊዜ ማኅበሩ በዕለቱ ሊከፍለው ባለመቻሉ ነው። አባላት ትርፋቸውን ያሳነሰባቸው አድርገው የሚያዩት መጠባበቂያ በዚህ ቦታ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በቂ መጠባበቂያ ያከማቸ ማኅበር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እሸት ባንክን ሳይጠብቅ ሊገዛ ይችላል፤ ያላከማቸው ግን ሚዛኑን ተክሎ፣ ዋጋውን ለጥፎ፣ ገበሬው በአጠገቡ አልፎ ወደ ነጋዴው መጋዘን ሲሄድ ያያል።